በኅዳር የሚጀመረው የሰኔ ፈተና



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ በብዙ የገጠር ቤት ሐዘንንም ደስታንም የሚያስገባ ነው። በሰኔ ወር የ8ኛ ክፍል ልጆች፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» እያለ ለሚጠራው ክልላዊ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ውጤቱ በተሰማ ጊዜም የወደቀ ልጅ ያለ እንደ ሆነ ምክንያቱ በአንድ ሌሊት ይገኝለታል፤ አባት ልጁን ሰነፍ ነው ይለዋል፣ መምህሩ ወላጁን አያስጠናም ይለዋል፣ ርእሰ መምህሩ የመጻሕፍት እጥረት ነው ይላል፣ ልጁ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው እውነት ያላቸው ሆነው ሳለ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሁሉም ሥር ያለውን ነገር አይነኩትም፤ እርሱም ልጁ በእውነት የተማረበት ጊዜ፣ ይኸውም በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከመምህሩና ከመጽሐፉ ጋራ ያሳለፈው ሰዓት፣ በሕግ ከተቆጠረለት ጊዜ እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው።

ልጆችን በዚህ ዕድሜ መፈተን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀደመው የ6፣ የ2ና የ4 ዓመት አደረጃጀት ዘመን ልጆች በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ይፈተኑ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን 8 ዓመት አድርጎ በመጨረሻው ላይ ክልላዊውን ፈተና አቆመ፤ አሁን ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ ክፍል ወስኖ 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ስላላቸው፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው በ6ኛም በ8ኛም ክፍል በፈተና ፊት ይቆማል። ፈተናው ለከተማውም ለገጠሩም ልጅ አንድ ነው፤ የተማሩበት ዓመት ግን አንድ አይደለም።

መንግሥት ያወጣው የትምህርት ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲሆን፣ የገበሬው ዓመት የራሱ የሆነ ሥርዓትና ሕግ አለው፤ እነዚህ ሁለት ዓመታት የሚገናኙትም በአንድ ሕፃን ጫንቃ ላይ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤቱ በሩን ይከፍታል፤ ነገር ግን የደብተርና የእስክርቢቶ ገንዘብ የሚገኘው በግ ወይም ዶሮ ሲሸጥ በመሆኑ በብዙ ቀበሌ ምዝገባው እስከ መስቀል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ወዲያ ይጓተታል። በቆላው አገር ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉት ወራት ወባ የሚበረታባቸው ስለ ሆኑ፣ ብዙ ልጅ የመንፈቀ ዓመቱን መጀመሪያ ትኩሳት ይዞት በመደብ ላይ ያሳልፈዋል። ማሽላው ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ይፈለጋል፤ ይህም ሥራ ብዙ ጉልበት የማይሻ፣ ንቁ ዓይንና ወንጭፍ ብቻ የሚበቃው በመሆኑ በጥንታዊ ልማድ የሕፃናት ድርሻ ነው። ኅዳር ገብቶ ጤፉ በደረሰ ጊዜ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ማሳ ይወጣል፤ የደረሰ ጤፍ ቀን አይሰጥምና፣ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ወይም ነፋስ የዓመቱን ልፋት በአንድ ቀን ሊያረግፈው ይችላልና፣ በዚያ ሳምንት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረው አባት የልጁን ዕድል የጠላ ክፉ ሰው ሳይሆን፣ የቤተ ሰቡን የዓመት እንጀራ ከማሳ ወደ ቤት ለማግባት የሚጣደፍ ሰው ነው። አጨዳው፣ ክምሩና ውቂያው እስከ ጥር ይዘልቃሉ። ጥር ደግሞ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ጋብቻ የሚፈጸምበት ወር ስለ ሆነ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደራረብበት፣ ልጅ ሁሉ በድንኳን አካባቢ የሚውልበት ወር ነው፤ ከዚህም የሚከፋው፣ የቤተ ሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኖ ሳለ፣ ከእነዚያ ሰርጎች አንዳንዶቹ የራሷ የተማሪዋ ሰርግ ሆነው የሚገኙ መሆናቸው ነው።

የካቲትና መጋቢት ደኅና ወራት ናቸው። እርሻው ገና ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሆድም ከአዲሱ እህል የተነሣ አልጎደለም፤ ነገር ግን ምንጩ እየደረቀ ውኃው ከቤት ስለሚርቅ፣ የዚህን ወቅት ዕዳ የምትከፍለው ሴቷ ልጅ ናት፤ ገና ሳይነጋ እንስራ ወይም ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወርዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ቀድታ፣ ዳገቱን ወጥታ ከተመለሰች በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ብትሮጥም፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፎ ትደርሳለች፤ ያ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ፣ ልጅ ገና ልቡናው ንቁ ነው ተብሎ፣ በብዙ ትምህርት ቤት የሒሳብ ሰዓት ነው። በሚያዝያና በግንቦት በሬ ይጠመዳል፣ ጎተራውም እየጎደለ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰኔ ይመጣል፤ ወንዙ ይሞላል፣ ማሳው ዘር ይጠይቃል፣ በቤት ያለው እህል ለዘርና ለቀለብ ይከፈላል፤ ልጁም እንዲህ ባለው ወር እርሳሱን ይዞ ለፈተና ይቀመጣል።

ይህን የምለው ነገር በዓይን ማየት የሚሻ ሰው፣ ወደ ቀረበው የገጠር ትምህርት ቤት ሄዶ የአንድ ክፍል የስም መጥሪያ መዝገብ ይግለጥ። በቀኝ በኩል ቀኖቹ ተሰልፈዋል፣ በግራ በኩል የልጆቹ ስም ወርዷል፤ በመስከረም መጨረሻ ከስሞቹ ትይዩ ያለው መስመር ገና ባዶ የሆነበት ልጅ ብዙ ነው፣ በጥቅምት ገጹ ሞላ ሞላ ይላል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን የቀሪ ምልክት ከላይ እስከ ታች እንደ አረም ወርሶት ይገኛል፤ መምህሩ ትጉህ ከሆነም በጠርዙ ላይ «አጨዳ» ወይም «ታሟል» ብሎ በትንሽ ጽሕፈት ያመለክታል። እነዚያ ምልክቶች በወደቁባቸው ቀኖች የተሰጡት የትኞቹ ትምህርቶች ነበሩ? ምናልባት ክፍልፋይ የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው፤ ክፍልፋይን ያልተረዳ ልጅ መቶኛን አይረዳም፣ መቶኛን ያልተረዳ ልጅም የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ወረቀት ግማሹ ዝግ ሆኖ ይቆየዋል። ስለዚህም ነው ፈተናው በሰኔ ይሰጣል እንጂ፣ ልጁ የወደቀው በኅዳር ነው ብዬ ለመናገር የምደፍረው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። በክርስቲያኑ ገበሬ ዘንድ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸውና በብዙ አገር በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሣም፤ በወሩ ውስጥም ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ እነዚህንም የመሳሰሉ የየደብሩ በዓላት ይከበራሉ። እንግዲህ ልጁ ከማሳ ሥራ በእምነት ነጻ የሚሆንባቸው ሁለቱ የሳምንት ቀኖች፣ ትምህርት ቤቱ በሩን የሚዘጋባቸው ቀኖች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ የሚከፈትባቸው ቀኖች ደግሞ ማሳው ልጁን የሚጠራባቸው ናቸው። በሙስሊሙ አካባቢ የዓርቡን ቀትር፣ በሁሉም ዘንድ የገበያውን ቀን ጨምሩበት። ይህን ማንም ሆን ብሎ አልሠራውም፤ የከተማ ሰው ለከተማ ሰው ያወጣው የጊዜ ሥርዓት ሳይመረመር ወደ ገጠር ስለ ወረደ የመጣ ነው።

ጊዜው እንዲህ ሲባክን የመጀመሪያ ጉዳቱ የሚታየው በንባብ ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን ክልሎች በተካሄደ የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ፊደል የማይቆጠርበት ቤት ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ ለሁለት ዓመት ያህል ተመዝግበው፣ ስማቸው እየተጠራ፣ በሪፖርትም «ተማሪ» ተብለው የተቆጠሩ ነበሩ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ነፃ ዝውውር ልጅ በመውደቁ ምክንያት ተስፋ ቆርጦ ትምህርቱን እንዳይተው የታሰበ መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሐሳቡ ከተከታታይ ምዘናና ከልዩ እርዳታ ጋራ እንዲሄድ የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ አንድ መምህር በወረቀት 50፣ በእውነት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ልጆችን ይዞ ለየብቻቸው ሊያስነብባቸው ስለማይችል፣ እርዳታው ተትቶ ዝውውሩ ብቻ ቀርቷል። ልጁ ሳያነብ 4ኛ ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያም በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ ማንበብ ይችላል ተብሎ የተጻፈ ነው።

በዚህ ነገር የጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት አንድ ጥበብ ነበረው። በዚያ ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ በቁጥር ንባብ ጀምሮ፣ ግእዙን ሳያደላድል ወደ ውርድ ንባብ፣ ውርዱን ሳያጠራ ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም፤ መልእክተ ዮሐንስን ሳያቀና ዳዊት አይሰጠውም። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ያስነብቡታል፤ ራሳቸው ያልበቃቸው እንደ ሆነ ከፍ ያለውን ደቀ መዝሙር ታናሹን እንዲያስቀጽል ያዙታል፤ የዘገየ ይዘገያል፣ የፈጠነ ይፈጥናል፣ ማንም ግን ያልያዘውን ይዞ አለፈ አይባልም። በዱላውና በቁራሽ ልመናው ላይ የምንለው ነገር ብዙ ነው፣ ሁሉንም መልሰን እናምጣው የሚልም ከእኛ መካከል የለም፤ ነገር ግን ልጅን አንድ በአንድ የመስማት ሥርዓቱን ከአሮጌው ነገር ጋራ አብረን መጣላችን ሊቆጨን ይገባል።

ንባቡ ባልጸና ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። በአማራ ክልል የተማረ ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር ቆይቶ፣ 7ኛ ክፍል እንደ ገባ ሒሳቡንና የሳይንሱን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይቀበላል፤ በኦሮሚያና በትግራይ ግን ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በየቋንቋቸው ሲማሩ ኖረዋል። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር በቀረበ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ምዘና ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ታይቷል፤ ይህም ለብዙ ወላጅ እንግዳ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛው የቀደመለት ልጅ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላቸዋልና። የከተማው ልጅ እንግሊዝኛውን ከቴሌቪዥን፣ ከታላቅ ወንድሙ፣ ከሱቅ ማስታወቂያ እየለቀመ ያዳብረዋል። የገጠሩ ልጅ ግን ያን ቋንቋ የሚሰማው በክፍል ውስጥ ብቻ፣ እርሱንም ብዙ ጊዜ ቋንቋው ለራሱ ለመምህሩም ከብዶት ሲናገረው ስለ ሆነ፣ በፈተናው ቀን ስለ ተክሎች ምግብ አዘገጃጀት ሲጠየቅ፣ ነገሩን ከማሳው እያየ ያደገ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ ያውቀው የነበረውን ይስታል። ይህ በእኔ ፍርድ ከሁሉ የሚያሳዝነው የውድቀት ዓይነት ነው።

ስለ ሰውነትም ልንናገር ይገባል፤ ነፍስና ሥጋ በትምህርት ነገር አይለያዩምና። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 38 ከመቶው በምግብ እጥረት የተነሣ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ይህ ቁጥር 46 ከመቶ ነበረ። መቀንጨር በቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ በእናት ማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለው ምግብ አእምሮን የሚሠራው ስለ ሆነ፣ ልጁ 7 ዓመት ሞልቶት ፊደል ሊቆጥር ሲመጣ ዕዳው አብሮት ይመጣል። በደጋው አገር አዮዲን የሌለው ጨው በመብላት የሚመጣው ጉዳት እንቅርት ብቻ መስሎን ኖረናል፤ የሕፃኑንም ማስተዋል ያደክማል። ከዓይነ ማዝ የተነሣ የጥቁር ሰሌዳው ጽሕፈት የሚደበዝዝባቸው፣ የሆድ ትል የተመገቡትን የሚሻማባቸው ልጆችም አሉ። መምህሩ «ይህ ልጅ ያንቀላፋል» ብሎ ከመቆጣቱ በፊት፣ ማለዳ ምን ቀምሶ እንደ መጣ ቢጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ምንም» የሚል ነው፤ ጥቂት ቆሎ በኪሱ ይዞ የመጣውም በመንገድ ጨርሶታል። የትምህርት ቤት ምገባ በአገራችን በዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ የተጀመረው በ1986 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ልጆችን ከእረኝነት ወደ ክፍል እንደ ሳበ የታወቀ ነው፤ ጎዶሎው፣ ለሁሉ አለመድረሱና ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት በክረምቱ መግቢያ አንዳንድ ጊዜ ማለቁ ነው።

የመምህራኑን ነገር በአጭሩ ላንሣ፤ በእነርሱ ላይ ብዙ ሰው ስለሚናገር የእኔ መጨመር አያስፈልግም። መምህሩ ደመወዙ የማይበቃው፣ ቤተ ሰቡ በከተማ ሆኖ እርሱ በገጠር የተከራያት ጎጆ የምታፈስስበት፣ በሥራ ቀን ለስብሰባ ወደ ወረዳ የሚጠራ፣ ለዘመቻና ለምርጫ ለቆጠራም ሁሉ «መምህር አለ» የሚባልበት ሰው ነው። ዓርብ በቀትር ወደ ከተማ ወጥቶ ሰኞ ረፋድ ላይ የሚመለሰውን አልደግፈውም፤ ያ ግማሽ ቀንና ያ ግማሽ ቀን ተደምረው ከሳምንቱ አምስት ቀን አንዱን ይወስዳሉና። ግን እርሱን የምንወቅስ ሰዎች በዚያው ሳምንት ለስብሰባ የጠራነውንም ቀን እንቁጠር። በቅርብ ዓመታት በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘግተዋል፣ መምህራን ተበትነዋል፤ በዚያ ላለው ልጅ ስለ ኅዳርና ስለ ሰኔ የተናገርነው ሁሉ ገና የማይደርስበት ነገር ነው፤ አስቀድሞ ክፍሉ መከፈት አለበት።

የፈተናው ክፍል ራሱም የራሱ እንግድነት አለው። አነስተኛ ትምህርት ቤት ልጆቹን ወደ ሌላ የፈተና ጣቢያ ስለሚልክ፣ ልጁ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ የሞላ ወንዝ በታላቆች እጅ ተይዞ ተሻግሮ፣ ሱሪውና ቀሚሱ ረጥቦ፣ በማያውቀው ክፍል በማያውቀው ፈታኝ ፊት ይቀመጣል። የመልስ ወረቀቱ ላይ ፊደላቱን በእርሳስ ማጥቆር አለበት፤ በክፍል ውስጥ መልሱን ሁልጊዜ በደብተሩ ላይ ሲጽፍ የኖረ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ወረቀት ከዚያ ቀን በፊት ምናልባት አይቶት አያውቅም፤ አንድ ጥያቄ ከብዶት ቢዘልል፣ የሚቀጥለውን መልስ በተዘለለው ተራ ቁጥር ላይ ያጠቁርና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ቤት ይዛነፋል፤ ላጲስ ከሌለው ደግሞ በምራቁ ያሻሸዋል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። ይህ የእውቀት ጉድለት ሳይሆን የልምድ ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱም ከሁሉ የሚቀልል ነው፤ ርእሰ መምህሩ ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ወረቀት ቢያለማምዳቸው፣ ወረቀቱን በእጅ አስምሮ ቢሠራውም እንኳ፣ ይበቃል።

ያልተዘጋጀ ልጅ ወደ ኩረጃ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ታላላቆቹ ራሳቸው፣ የትምህርት ቤቱ ስም ከፍ እንዲል በማሰብ፣ ዓይናቸውን ይከድኑለታል። ይህ ልጁን የሚጎዳ ርኅራኄ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠ ጊዜ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው መገኘታቸው ያስደነገጠው ብዙ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ድንጋጤው አስገረመኝ፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች ሁሉ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ50 ከመቶ በታች እንደ ነበር በየጊዜው ተጽፎ ተነግሮናልና። በ2ኛ ክፍል ያልተነበበች ቃል በ12ኛ ክፍል ተነብባ ልትገኝ አትችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልልቁን ነገር፣ ማለትም ሕንፃውን፣ መጽሐፉን፣ ደመወዙን፣ ምገባውን፣ ለመንግሥት እንተወው አልልም፤ ልንጠይቀው መብታችን ነው። ነገር ግን ሳንቲም ሳይወጣበት ሊስተካከል የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጊዜ ሥርዓቱ ነው። የትምህርት ዘመኑን የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጡት የክልል ትምህርት ቢሮዎች ናቸው። በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ የሚሰጠው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት፣ የአጨዳው ጥድፊያ ካለፈ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ለገበሬው ልጅ የሚረዳው ነገር ጥቂት ነው፤ ያንኑ ዕረፍት ጤፍ በሚታጨድበት አገር ወደ ኅዳር፣ ሌላ እህል በሚበዛበት አገር እንደየአጨዳው ቢያዛውሩት፣ ልጁ ከአባቱ ጋራ አጭዶ፣ ትምህርት ሳያመልጠው ሊመለስ ይችላል። አንዳንድ ሰዎች «ዕረፍት ብትሰጡትም ባትሰጡትም የሚቀር ልጅ ይቀራል» ይላሉ። እኔ አላምንበትም። ትምህርት እየተሰጠ የቀረ ልጅ ያመለጠውን ማንም አያስተምረውም፤ ሁሉም በአንድነት ባረፉበት ሳምንት የቀረ ልጅ ግን ምንም አላመለጠውም፤ አባትም ዕረፍቱ የእርሱን ሥራ አክብሮ የተሰጠ መሆኑን ሲያይ፣ ከዕረፍቱ በኋላ ልጁን ለማስቀረት ፊት አይኖረውም። በሰንበትም ቢሆን፣ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በቅዳሜ ከሰዓት በፊት፣ ሁለት ሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ካለ፣ ካህናቱም ሆኑ የመስጊዱ አባቶች ቢባርኩት እንጂ አይቃወሙትም ብዬ እገምታለሁ።

በቤት ውስጥም ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ያልተማረች እናት ልጄን እንዴት ላስጠናው ትላለች። እናቴ ሆይ፣ ማታ ወጡ እስኪበስል ድረስ ልጅሽ በኩራዙ ወይም በትንሿ የፀሐይ መብራት አጠገብ ተቀምጦ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ ፊደሉን ባታውቂውም ቋንቋውን ታውቂዋለሽ፤ ንባቡ እንደ ሰው ንግግር የሚፈስስ መሆኑን ወይም በየቃሉ የሚንተባተብ መሆኑን ጆሮሽ ይለየዋል። ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግርሽም ጠይቂው፤ መናገር ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ምሽት እንዲህ ያደረገ ልጅና በዓመት አንዴ በሰኔ ብቻ «አጥና» የተባለ ልጅ አንድ አይሆኑም። አባትም ሁለት ልጆች ያሉት እንደ ሆነ፣ አንዱ ብቻ ሁልጊዜ ከብት እንዳይከተል ቀኑን ያካፍላቸው፤ ጎረቤቶችም ከብታቸውን አንድ ላይ አድርገው በተራ ቢያስጠብቁ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚቀርበት ቀን በጣም ይቀንሳል፤ ይህም ለገበሬው አዲስ ጥበብ አይደለም፣ በደቦና በወንፈል ለዘመናት የኖረበት ነው። የ8ኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤት ደግሞ ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ከእርሻና ከውኃ ነጻ ያድርገው፣ ሴት ልጅ ከሆነች በተለይ፤ ለእርሷ ይህን ካልወሰኑላት ማንም አይወስንላትምና።

ይህን ድምፅ የምትሰሙ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አባላት፣ በሚመጣው ስብሰባችሁ ላይ ስለ አጥሩና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ከመነጋገራችሁ በፊት፣ ርእሰ መምህሩ የአምናውን የስም መጥሪያ መዝገብ ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት፤ በየትኛው ሳምንት ስንት ልጅ እንደ ቀረ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ የዕረፍቱም ጊዜ ከአካባቢያችሁ አጨዳ ጋራ እንዲስማማ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ቀበሌው ማኅተሙን አድርጎበት፣ ከመስከረም በፊት አስገቡት።